ተቀመጪ ያልኳት እሁድ

ቅዳሜ፣ ሜይ 3
ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሆቴሉን ሻትል እየነዳሁ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት። የአትላንታን ኤርፖርት ሰፈር ኮሌጅ ፓርክን ሃያ ጊዜ ሳልዞራት አልቀርም። ነገ ኦፍ ነኝ። መነን «ቶማስ ጋ እንሄዳለን አይደል?» አለችኝ። የቶማስ ምግብ ቤት እሁድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ዲጄ ያስገባል። እሷ ለጭፈራው፣ እኔ በአዋዜ ለተለወሰው የዶሮ ዊንግስ። ሚስትና ባል ከዚህ በላይ ምን ይስማማል?

እሁድ፣ ሜይ 4
ምን ነካኝ?
በረንዳው ሞልቶ ነበር። ዊንግሱ ሳይመጣ መነን ተነሳች። ስትጨፍር ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሰው መኖሩን ትረሳለች… ክፍሌ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ «ታደገ፣ ሚስትህ ሃያ ዓመት ሞላት እንዴ?» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ተነስቼ ክንዷን ያዝኩ።
«ተቀመጪ! በዚህ ዕድሜሽ ሰው አታስቂብኝ።»
ዘፈኑ ለካ በዚያችው ቅጽበት አልቋል። ሁሉም ሰማ።
ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሊልበርን፣ ቤታችን እስክንደርስ ሀይዌዩን ሙሉ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
«ራትህ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው።» የዛሬ ወሬያችን ይኸው።

እሁድ፣ ሜይ 11
«ቶማስ ጋ አንሄድም?» አልኳት።
«ጉልበቴን ያመኛል።»
ከዚያ ቅርጫት ሙሉ ልብስ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ዋለች።

ረቡዕ፣ ሜይ 14
ሻትሉን ፓርክ አድርጌ ተሳፋሪ ስጠብቅ ትዝ አለኝ። አትላንታ የገባን ዓመት። ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ፣ ሶፋ እንኳ የለንም። በካልሲ ምንጣፉ ላይ ትጨፍራለች፣ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። «ተይ መነን፣ ያስወጡናል!» እያልኩ እኔ ራሴ በሳቅ እሞታለሁ። ያን ጊዜ ከመባረር በቀር የምፈራው ነገር አልነበረም። አሁን ክፍሌን እፈራለሁ? ክፍሌን?

ሰኞ፣ ሜይ 19
ትናንት «ከሱመያ ጋ ወጣ ብለን እንመጣለን» ብላ ሄደች። ሱመያ ኬኔሶ ከተማ ባለው ጫማ መሸጫ ውስጥ አብራት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ቢራ አትነካም፣ ጭፈራ ግን ነፍሷ ነው። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም። ዛሬ ክፍሌ ቪዲዮ ላከልኝ። ቶማስ ጋ። መነን መሃል ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ ሱመያ እያጨበጨበችላት። ከሥሩ «እንዴት ነው የምትጨፍረው በናትህ! አንተ የት ጠፋህ?» ይላል። ያን ቀን ያለውን ጭራሽ ረስቶታል…
ያመማት ጉልበቷ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሜይ 22
ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቆምኩ።
«ያን ቀን… አጥፍቻለሁ።»
«አውቃለሁ።»
«ይቅር በይኝ።»
«ይቅር ካልኩህ ቆየሁ፣ ታዴ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ግን አንተ ካለህ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ፊትህ ነው የሚመጣብኝ። የዚያን ቀን ፊትህ። ዓይኔን ብጨፍንም አይጠፋም። ከሌለህ እረሳዋለሁ።»
ሽንኩርቱን ተቀብያት መላጥ ጀመርኩ።

እሁድ፣ ሜይ 25
ከሱመያ ጋር ሄደች። ቤት ዋልኩ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

እሁድ፣ ጁን 1
ሱመያ ውጭ ክላክስ ታደርጋለች። «እኔም ልምጣ?» አልኩ። መነን አንዱን ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች።
«ና። ግን እንዳታየኝ።»
ደርሰን ወንበሬን ወደ ፓርኪንጉ አዙሬ ተቀመጥኩ። ቶማስ ሳህኑን ሲያስቀምጥልኝ «ተጣላችሁ እንዴ? ዙር እንጂ ታዴ፣ ሚስትህ በረንዳዬን ልታፈርሰው ነው!» አለኝ።
«እዚህ ይሻለኛል።»
ከኋላዬ ጭብጨባ። የሱመያ እልልታ። ከዚያ የመነን ሳቅ… ይህን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው? የቆሙትን መኪኖች እያየሁ ቁጭ።
ዘፈኑ ሲያልቅ መጣች። ፊቷ በላብ ርሷል። ከብርጭቆዬ ውሃ ጠጣች።
«ሰለቸህ?»
«አይ።»
«እንግዲያው አንድ ዘፈን ልጨምር» ብላ ተመለሰች።
አልዞርኩም።