ሐናን ጡት የተወችበት ወር

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። ከወለድኩ አርባ ቀኔ ገና ነው። ሚፍታህ «ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። ባሌ ነው፣ ሊከለክለኝ ይችል ነበር፣ አልከለከለኝም። ቤት ተቀምጬስ ምን ላድርግ?

ካዛንቺስ ያለው ስቱዲዮ እንደነበረ ነው። ያው ጠባብ ክፍል፣ ያው የማይሠራ ኤሲ። ሃይለአብ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ እጁን አነሳልኝ። የውጭ ድራማ ላይ የአማርኛ ድምፅ ስንሰጥ «አሁን»፣ «ድገሚው»፣ «ፈጠንሽ» የሚለን እሱ ነው። ወጥቶ አቀፈኝና «አፍራህ... አይዞሽ» አለኝ። «ስንተኛው ክፍል ላይ ደረሳችሁ?» አልኩት።

እኔ የአክስቲቱ ድምፅ ነኝ። ዛሬ ባሏ ሞቶባት ታለቅሳለች። አለቀስኩላት። ሃይለአብ «ዋው! በቃ፣ ወሰድነው» አለ። ሲቃው፣ መነፋረቁ፣ ሁሉም ነገር አለ። ዓይኔ ግን ደረቅ ነበር። ማንም አላየኝም፣ ለድምፅ ዓይን አያስፈልግም።

ኅዳር 11

የወለድኩት ልጅ ከሞተ በኋላ ነው ወተቱ የመጣው። ነርሷ «ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ይደርቃል» አለችኝ። በሻሽ አሰርኩት። ድንጋይ ሆነ። ትኩሳት ለቀቀብኝ። ሐናን ደረቴ ላይ ወጥታ ሻሹን ፈታችና ጠባች። ሁለት ዓመት ሲሞላት በእሬት ያስጣልኳት ልጅ... አሁን አራት ልትደፍን ምንም አልቀራት። እንዴት እንደሚጠባ አልረሳችም። ሕመሙ ለቀቀኝ።

እንደዚያ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ትመጣለች። አልከለክላትም። ለምን? እንጃ። ከሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለ ልጁ አትጠይቅም። የረሳችው ይመስለኛል። ይሻላል።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ላንቻ፣ እማማ አሚና ቤት ዋልን። የሚፍታህ እናት ናቸው። ምሳ ተበላ፣ ቲቪው ተከፈተ። ሐናን እንቅልፏ ሲመጣ ሻርፔን ጎተተች። ሰው ፊት። ምን ላድርጋት? ሰጠኋት።

«አስተግፊሩላህ! ይቺ ልጃገረድ?» አሉ እማማ አሚና። «ሁለት ዓመት ነው እኮ የተባለው! እሱም ለሚችል።»

የሚፍታህ አጎት ልጅ ሳዳም ፊቱን ወደ ቲቪው አዞረ። እዚያ ደግሞ አይመጣ የለ... ኮሜዲ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ይመጣና በርጩማ ላይ ቆሞ የእናቱን ጡት ይጠባል። አባትየው ራሱን ይይዛል። ሳቅ። ያ ሳቅ የሰው አይደለም፣ ከኮምፒውተር ተወስዶ የተለጠፈ ነው፣ የሥራዬ ነገር ስለሆነ አውቀዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሳቅ ግን የሰው ነበር። ከዚያ ሁሉም እኩል ወደ እኔ አዩ።

ስንወጣ እማማ አሚና የአጃ ዱቄት ቋጠሩልኝ። ከስሩ እሬት በላስቲክ አድርገዋል። «ላንቺው ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። አጃውን አስቀመጥኩት። እሬቱንም አስቀመጥኩት።

ኅዳር 18

ዛሬ ምንም የለም።

ኅዳር 23

የሐናን አስተማሪ ጠራችኝ። ሚስ ቅድስት። ወጣት ናት፣ አፍራ ልትሞት ነው።

«ማለቴ... ሐናን ክላስ ውስጥ፣ ምን መሰለሽ... ልጆቹ ማታ ማታ ምን ትበላላችሁ ሲባሉ እሷ የእማዬን ጡት አለች። ሳቁባት። ኮሜዲው ላይ ባለው ልጅ ስም ይጠሯታል። ለሶሻላይዜሽኗ ጥሩ አይመስለኝም፣ በቃ።»

«እሺ» አልኳት።

«ካልደበረሽ... ችግር አለ እንዴ ቤት?»

«የለም።»

ከልጅ ቀብር መጣሁ ይባላል? ያውም ስም ላልወጣለት ልጅ። ለሱ ድንኳን አልተጣለም። ሴቶቹ መጥተው «ልጅ ይተካል» ብለውኝ ሄዱ። የማውቀው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለኝ፣ ይተካል። እንደ ተሰበረ ብርጭቆ።

በታክሲ ከሜክሲኮ ወደ ኡራኤል ስመለስ አሰብኩት። ቲቪ ላይ የሚጠባ ልጅ ወይ ገና የተወለደ ነው፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ የጤና ማስታወቂያ ላይ። ወይ ደግሞ ቀልድ ነው። በመሃል ያለ ልጅ የለም። ሐናን ግን በመሃል ናት። ስንት እናት በሯን ዘግታ ታጠባለች ይሆን? ማን ይናገራል?

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ሲኑ እንዲህ ነው። አክስቲቱ በር ከፍታ ትገባለች። እህቷ፣ እርጉዝ ናት፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ የአራት ዓመት ልጇን ታጠባለች። በዋናው ቋንቋ አክስቲቱ የልጁን ፀጉር ትዳብስና «ይጥባ፣ ልጅነት መች ይደገማል» ትላለች። ተርጓሚያችን ገብረሃና እንደዚያ ነው የጻፈው።

ሃይለአብ ግን ወረቀቱን አየና «ይሄ አይሄድም» አለ። «የኛ ሰው ነውር ነው ይላል። ወይ ሲኑን እንቁረጠው፣ ወይ አክስቲቱ ትቆጣው።»

ገብረሃና «ሴትዮዋ እየሳቀች ነው እኮ፣ እንዴት አድርጋ ትቆጣለች?» አለ።

«እየሳቁ መቆጣት አለ። አፍራህ ታውቅበታለች።»

ጻፉልኝ። «አታፍርም? ትልቅ ልጅ ጡት ይጠባል?»

ሄኒ አየችኝ። የእናትየዋ ድምፅ እሷ ናት፣ የኔንም ነገር ታውቃለች። «አፍዬ፣ ከደበረሽ ሌላ ሰው ይበለው» አለችኝ በጆሮዬ።

«ችግር የለም» አልኳት። እውነቴን ነው። ምንም አልተሰማኝም። ስሜት የሚባለው ነገር የት እንደሄደ አላውቅም።

አልኩት። ሃይለአብ አቆመን። «አፏ አላለቀም። ከንፈሯ ገና ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር ጨምሪበት፣ ካንቺ።»

ይሄ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። አማርኛው ሲያጥር አፉን የምንሞላው እኛ ነን። ዘወትር «እንግዲህ»ም «ወይ ጉድ»ም እንላለን። ዛሬ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ለሚመጣው ወንድምህ ተውለት!»

«ልክክ አለ!» አለ ሃይለአብ። ከንፈሩ ገጠመ።

ከየት አመጣሁት? እህቲቱ እርጉዝ ስለሆነች ነው። ይሄዳል። በቃ።

ሽንት ቤት ገብቼ ሳይ ብሉዜ ረጥቧል። ወተቱ በራሱ ጊዜ ወርዷል። ሻርፔን ደረቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩና የቀረውን ቀዳን።

ታህሳስ 5

ሐናን ዛሬ እየጠባች እንቅልፍ ወሰዳት። ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ትንሽ የመሞቅ ነገር ተሰማኝ። ትንሽ።

ታህሳስ 12፣ እሁድ

ያ የድራማው ክፍል በቲቪ ታየ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ሐናን ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ ቤት ናት፣ እኔ ሳልኖር የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ድራማው ሲጀምር «እናትሽ መጣች!» ይሏታል፣ እሷም ድምፄ ሲሰማ ታጨበጭባለች። ልማዳቸው ነው።

በር ላይ ተቀበሉኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! በገዛ አፍሽ መከርሻት! እኔ እኮ ስንቴ ልነግርሽ ብዬ አፌን ያዝኩ። ሰው ይታዘባል እላለሁ ለራሴ።»

ሐናን አላጨበጨበችም። ጫማዋን አደረገች። መንገድ ላይ እጄን ያዘች።

ማታ ሻርፔን አልጎተተችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ታህሳስ 13

ዛሬም አልፈለገችም። ራሴ ጠየቅኳት።

«አይ» አለች።

«ለምን?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«እኔ አይደለሁም የኔ ቆንጆ፣ የቲቪዋ ሴትዮ ናት።»

«ድምፅሽ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ልጄን በቲቪ አሳፈርኳት። እነዚያ የክፍሏ ልጆች እንኳ ያላስቆሟትን እኔ አስቆምኳት።

ታህሳስ 16

ሁሉም ደስ ብሎታል። እማማ አሚና በስልክ «አልሐምዱሊላህ! ያለ እሬት!» አሉ። ሚስ ቅድስት አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እትዬ ጀማነሽ ለሰፈሩ ነግረዋል።

ሚፍታህ ብቻ «አንቺስ?» አለኝ። ሒሳብ እየሠራ ነበር፣ ቀና ሳይል ነው የጠየቀኝ። እኔስ?

ታህሳስ 20

ያመኛል። እንደገና አስሬዋለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሲያልቅስ? እሱ ወደዚህ ዓለም መጥቶ እንደነበር ምን ይመሰክርልኛል? ፎቶ የለው፣ ስም የለው። ይሄ ወተት ነበር።

ታህሳስ 22

ሲኑን ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ለቀውታል። ሄኒ ናት ያሳየችኝ። ከስሩ ሰው ተንጫጭቷል። «አክስቴ ልክ ነሽ!»፣ «ይሄ ልጅ እኮ ሊዳር ነው»፣ «ጢሙን ተላጭቶ ይምጣ»። አንድ ሰው «እኔ እስከ አምስት ዓመቴ ጠብቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ብሎ ጽፏል። ምን እንደሆነ ከስሩ ተሰልፈው ነግረውታል።

ድምፁ የኔ ነው። ሰምቼ ሰምቼ የሰው መሰለኝ።

ሃይለአብን «ያንን ቃል መቀየር ይቻላል?» አልኩት።

«ታይቷል እኮ አፍራህ። አሁን ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ሰው ወዶታል።»

ታህሳስ 29

ገና ነው። እትዬ ጀማነሽ ለሐናን ድፎ ቆርሰው ሰጧት፣ ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ለማን ነው ብላት ኪሷን በእጇ ሸፈነች። ሚስጥር ማብዛት ጀምራለች። ከኔ የራቀች መሰለኝ። እኔስ ቀርቤያት አውቃለሁ በዚህ ሁሉ ጊዜ?

ጡቴ ለስልሷል። ዛሬ ሻሹን ሳላስረው ዋልኩ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

የዛሬውንም ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሐናን መጥታ በብሉዜ ላይ በጣቷ ነካ አደረገችኝ። በስሱ ነው፣ ትኩስ ድስት እንደምትነካ።

«ሞላ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ወተቱ ነዋ! ለወንድሜ የተውኩለት።»

እጄ ላይ የሷ ሹራብ ነበር። ይዤው ቀረሁ።

«አንቺ ነሽ ያልሽው እኮ። ለሚመጣው ወንድምህ ተውለት አልሽ። እማማ አሚናም ሐኪም ቤት ነው፣ ሲሻለው ይመጣል ብላኛለች። እኔ አልነካሁትም እማ። በጣም እያማረኝ አንዴም አልነካሁትም።»

አፍራ አይደለም የተወችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቀምጣለታለች። እኔ ደግሞ ረሳችው ብዬ... እናት ነኝ እላለሁ ደግሞ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። እዚህ ጋ የሚጽፍልኝ ገብረሃና የለ፣ «ድገሚው» የሚለኝ ሃይለአብ የለ።

«ሐናን፣ ወንድምሽ አይመጣም። ሞቷል።»

ይሄን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚፍታህም እንኳ። «ሄደ» ነው የምንለው፣ «የሆነው ነገር» ነው የምንለው።

አየችኝ።

«ወተቱን ስለጠባሁበት ነው?»

«አይደለም! አይደለም የኔ እናት። እሱ መጀመሪያ ነው የሞተው። ወተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማንንም አልወሰድሽም። ያንቺ ነበር።»

«እና ለምን ተይ አልሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«አሁን አለ?»

«የለም። ደረቀ።»

ለወተቱ ይሁን ለወንድሟ አላውቅም፣ ጮኻ አለቀሰች። እኔም ያኔ ነው የመጣብኝ። ልይዘው ብል የማይያዝ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል። ይስማ!

ሚፍታህ ከሱቅ ሲመለስ እንደዚያው ነን። በሩ ላይ ቆመ። «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» አለ።

ሐናን ቀደመችኝ። «ወንድሜ ሞተ» አለችው።

የያዘውን ላስቲክ አስቀመጠ። ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ አጠገባችን መሬት ላይ ተቀመጠ።