ፍሬኑ ለእጅሽ ይርቅ ነበር

ለተወደድሽው እህቴ ለሸዋነሽ ዲሪርሳ፤

ሰላምታዬ ከሱሉልታ የድርቆሽ ሽታ ጋር ጂንካ ድረስ ይምጣልሽ። ለመሆኑ እንደምን ከረምሽ? አካም ጅርታ? አባባ ሰው ሲያገኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ እንደማይተው ታውቂያለሽ፤ እኔም በዚህ እሱን ወጥቻለሁና ደግሜ እጠይቅሻለሁ። አንቺስ ደህና ነሽ? ቤቱስ ደህና ነው? ላሞቹስ? የዘንድሮው ዝናብ እንዴት አደረጋችሁ? ያ ግራ ክንድሽ ብርድ ሲነካው አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በጻፍኩልሽ ቁጥር እጠይቅሻለሁ፤ ለምን እንደማልረሳው ዛሬ እነግርሻለሁ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ደወል የሚደወል እየመሰለኝ ጫማዬን አስሬ እቀመጣለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገው ትዪ ይሆናል። በስልክ ስንነጋገር መጀመሪያ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ እኔ ራሴ እቆራረጣለሁ። የምጽፈው ነገር ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ መባል አለበት።

ላሊሴ ደህና ናት። እናት የምትጠይቀውን ሁሉ በዝርዝር ልመልስልሽ፦ በደንብ ትበላለች፣ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፣ ወጥ ላይ በሚጨመር ጨው ከእኔ ጋር በየቀኑ ትጣላለች። ሥራዋን ታውቂዋለሽ፤ ከአንዱ ወተት አምራች ወደ ሌላው እየዞረች ላሞችን ትከትባለች፣ ታክማለች። ቤቶቹ ግን ከአስፋልቱ ርቀው ኮረብታው ላይ የተበታተኑ ናቸው፤ ባጃጅ የማይወጣበት ይበዛል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ከሥራ ባልደረባዋ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛች። ጎማው ወፍራም ነው፤ የፊቱ ሹካ ድንጋይ ሲያገኝ ገባ ወጣ እያለ ምቱን ይቀንሳል። በእኛ ጊዜ ድንጋዩን የሚቀበለው ወገባችን ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ጉልበቷን እያሻሸች፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ ትመለስ ጀመር። እኔ ደግሞ ነገር ሳልለካ አልተውም። ብስክሌቱን በአይሱዙ አስጭነን ቡራዩ ሀሰኖ ዘንድ ወሰድነው። ሀሰኖ ቡራዩ ሳስተምር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ የብስክሌት ጥገና ቤት አለው። ገና ሲያየኝ ሳቀ። «መምህር፣ አንቱ ያኔ ማዕዘን መለካት አትችልም ብለው ጥለውኝ ነበር፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለኝ። እኔም አልተበገርኩም፤ አንቺ የምታውቂውን የድሮውን ልክ አሳየሁት። ላሊሴ ብብቷን ኮርቻው ላይ አስደግፋ ክንዷን ወደ ታች ዘርግታ ጣቷ ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን እምብርት እንዲነካ አደረግሁ። ሀሰኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በእጇ ነው እንዴ የምትነዳው? እግሯን ይጠይቁት እንጂ» ብሎኝ እርፍ።

ከዚያ ግን ቀልዱን ትቶ ሥራውን ያዘ፤ ልጁ እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሆኗል መሰለሽ። መጀመሪያ ብስክሌቱ ላይ አንፈራጦ አቆማትና በእሷና በመካከለኛው ቱቦ መካከል አራት ጣት ክፍተት መኖሩን አየ። ቀጥሎ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ እንድታደርግ ነግሯት፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሯ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ በፊተኛው የእግሯ መዳፍ ስትረግጥ ጉልበቷ በመጠኑ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ሲያማት የነበረው ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎባት ነው። እኔም ዝም አላልኩም። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ሲሆኑ በክር ላይ የቤቴን ቁልፍ አስሬ ከጉልበቷ ጫፍ ወደ ታች ጣልሁት፤ ፔዳሉ እምብርት ላይ ሲያርፍ ሀሰኖ «ይህንን እንኳ አልፈዋል» ብሎ ማርክ ሰጠኝ። መሪው ስለራቃት ክብደቷ ሁሉ እጇ ላይ ይወድቅ ነበር፤ መሪውን የሚይዘውን አንገት አጠር ባለ ለወጠላትና መደንዘዙም በዚያው ተወ።

በመጨረሻ ፍሬኑን እንድትይዝ ጠየቃት። ላሊሴ ጣቷን ዘርግታ ጫፉን ብቻ ነካች። እኔ ከልማዴ «እጅሽን ዘርጊ፤ ትለምጂዋለሽ» አልኳት። ይህን አፌ ሲናገር ጆሮዬ ሰማው። ሀሰኖ ቀና ብሎ «ለምን ትዘርጋ መምህር? ብሎኑ እኮ እዚህ አለ» አለኝ። በካቻቢቴ ሦስት ጊዜ አዞረው፤ የፍሬኑ ዘንግ ወደ መሪው ተጠጋ። ላሊሴ ሳበችውና «ደረሰልኝ!» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። እኔ ውኃ ልጠጣ ብዬ ከሱቁ ወጣሁ።

ሸዋነሽ፣ እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ።

በ1973 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዓመት ደሞዜ ያን ጥቁር ብስክሌት ሰበታ ይዤ ስገባ ትዝ ይልሻል? አንቺ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ከወጨጫ ግርጌ ካለው ቤታችን ሰበታ ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። አባባ «ሴት ልጅ ይህን ያህል መንገድ!» ብሎ ሊያስቀርሽ ሲል ብስክሌቱን ለአንቺ ሰጠሁሽ፤ እኔ የማስተምርበት ቅርብ ስለነበር። ብብትሽን ኮርቻው ላይ አስደግፌ ለካሁሽ፤ ልኩን በደብተሬ ጻፍኩት። ያን ጊዜ መንገዱ ቀይ አፈር ነበር፤ የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ አንቺ ድልድዩን ትሻገሪያለሽ፣ ደወልሽን ከሩቅ ሰምታ እናታችን «መጣች የኔ ሞተረኛ» ትላለች። እሑድ እሑድ ከኋላ አፈናጥጬሽ ዓለም ገና ገበያ ስንወርድ ነጠላሽ እየተውለበለበ ከብት ሲያስደነግጥ፣ እረኞቹ የሰደቡንን ስድብ ሁሉ አንቺ ደግመሽ እየተሳደብሽ ስትስቂ አሁንም ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ በብዙ መኪና ተሳፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጉዞ ግን አልገጠመኝም።

በዚያ ክረምት ማብቂያ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ለእጄ ይርቀኛል» አልሽኝ። የተማሪዎች ደብተር እያረምኩ ነበር፤ ቀና እንኳ አላልኩም። «እጅሽን ዘርጊ፤ ትለምጂዋለሽ» አልኩሽ። በሳምንቱ ደግመሽ ነገርሽኝ። መልሴ ያው ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ወደቅሽ። ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ተናገሩ፦ «ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ ነበር፤ እጇን ለቅቃ ስትነዳ ነው።» ክንድሽን ወጌሻው እያሰረው፣ ላብሽ እየወረደ «ፍሬኑን ልይዝ ነው ያነሳሁት፣ አይደርስልኝም፣ ጋሼን ጠይቁት» አልሽ። አባባ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ብስክሌቱ ደህና ነው፤ እሷ ፍጥነት ትወዳለች» አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አባባ ብስክሌቱን ጭድ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። አንቺ ክንድሽ እስኪሽር ቤት ተቀመጥሽ፤ ከዚያም መንገዱ በእግር ራቀ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርሺ ቀረሽ። ሰዉ እስከ ዛሬ «እጇን ለቅቃ የወደቀችው» ይልሻል። ቆይቶ ደግሞ አንቺ ራስሽ «ያኔ ቀብጬ ነው» ማለት ጀመርሽ። ይህን ስትዪ ስሰማ ያመመኝን ያህል ሌላው አላመመኝም፤ ግን ያኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት የሰው ሴቶች ልጆችን «አትቅሩ፣ ተማሩ» እያልኩ አስተማርኩ።

መስከረም ላይ ላሊሴ ስለ ብስክሌቱ በስልክ ስትነግርሽ «ወይ እሱን ወይ እኔን ምረጪ» እንዳልሻት አውቃለሁ። አልተከራከረችሽም። ብስክሌቱን በአሮጌ አንሶላ ሸፍና ከግድግዳው አስደገፈችው። አሁን በእግሯ ነው የምትዞረው። በቀን ስምንት ቤት ትደርስ የነበረችው ሦስት ብቻ ትደርሳለች። ባለፈው ሳምንት ከኮረብታው ማዶ ያሉ አንዲት ባልቴት ላማቸው ምጥ ይዟት አስጠሯት፤ ላሊሴ ስትደርስ ጥጃዋ ሞታ ነበር። ሴትዮዋ አልተቆጧትም፤ «እግርሽ ደም ሆነ፣ ተቀመጪ ልጄ» አሏት። እሷ ግን ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። የምትሠራበት የወተት ማኅበርም ያንን አካባቢ ከኅዳር ጀምሮ ሞተር ለሚነዳ ሰው እሰጣለሁ፣ አንቺ ቢሮ ገብተሽ የወተት መዝገብ ያዢ ብሏታል። ከላሞቿ ሊለያት ነው።

በማግሥቱ ተነሥቼ ሰበታ ሄድኩ። የአባባን ቤት አሁን የያዘው የአጎታችን ልጅ ሁንዴ ነው። «የድሮው ብስክሌት አለ ወይ?» ስለው «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜህ ልትነዳ ነው?» ብሎ አላገጠብኝ፤ ግን ወጥቶ አወረደልኝ። ጎማው ተልጦ አልቋል፣ ደወሉ ዝጓል። ማስመሪያዬን አወጣሁ። የግራው የፍሬን ዘንግ ከመሪው ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ይርቃል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ቀኙ ስምንት ተኩል ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ውጭ የጎበጠው በእኔ እጅ ነው፤ ፍሬን ስይዝ ጣቴን ይቆነጥጠኝ ስለነበር በጉጠት አጎበጥኩት። የግራው ፍሬን ላስቲክ አልቆ ስለነበር የሚይዘው ቀኙ ብቻ ነበር። ይህን ረስቼው ነበር ብዬ አልዋሽሽም። አልረሳሁትም። አባባ ሲጠይቀኝም አውቅ ነበር። አዲስ መምህር ሆኜ ሰው ሁሉ «ሊቁ» ሲለኝ አላዋቂ መባልን ፈራሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የዘገየሁበት ነገር እየከበደ ሄደ።

አባባ ይህን ሳይሰማ ሞተ። ለእሱ የምለው ቀርቶብኛል። ለሁንዴ ግን እዚያው ጭድ ቤቱ በር ላይ ማስመሪያውን እንደያዝኩ ነገርኩት። «እሷ እኮ ነግራን ነበር» አለኝ። አዎ፣ ነግረሽን ነበር። ለቀሩትም ዘመዶች እየዞርኩ እነግራለሁ።

ላሊሴ ይህን ገና አታውቅም፤ ካንቺ በፊት ማወቅ የለባትም ብዬ ነው። ትናንት ብቻ ቀኝ መዳፏን ወረቀት ላይ እንድታስቀምጥ ጠይቄ በእርሳስ ዙሪያውን አስመርኩ። «አጎቴ፣ ጓንት ልትገዛልኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ያ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። በላዩ ሦስት መስመር አስምሬበታለሁ። የመጀመሪያው መሪው ነው። ሁለተኛው ሀሰኖ ያስተካከለው የእሷ ፍሬን ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ርቆ የሚታየው ያንቺ ፍሬን ነው፤ ከሰበታ የለካሁት።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ቀኝ እጅሽን በዚያ መዳፍ ላይ አኑሪው። የእናትና ልጅ እጅ አንድ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ጣትሽ ሁለተኛውን መስመር ያልፋል፣ ሦስተኛው ጋ ግን አይደርስም። ያን ቀንም አልደረሰም። ያን እዪና ከዚያ በኋላ ለልጅሽ ትነዳም አትነዳም ወስኝ። እምቢ ካልሽ ቃልሽ ይከበራል፤ ብስክሌቱን እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ። ብቻ እምቢታሽ በእኔ ውሸት ላይ አይቁም። አንቺ ቀብጠሽ አልወደቅሽም፤ ፍሬን ልትይዢ ነው የወደቅሽው። ይቅርታሽን ዛሬውኑ ስጪኝ አልልም፤ አርባ አራት ዓመት ያስጠበቅሁሽ ሰው እኔም ብጠብቅ አይበዛብኝም።

ለባለቤትሽ ለአቶ ወርቁ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የላኩልኝ ማር ደርሶኛል። አዶናይን አጎትህ ማስመሪያውን አልጣለም በይው። የአማትሽን ጉልበት እስማለሁ፤ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ላሊሴ ሁላችሁንም አንገት ለአንገት ትስማለች። ሁንዴም ሰላም ብሎሻል፤ የብስክሌቱን ደወል ዝገቱን አራግፌ አስቀምጥላታለሁ ብሏል። ሞክረነው ነበር፤ አሁንም ይጮኻል።

ወንድምሽ ጎበና ዲሪርሳ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.