ሰር ኤቨራርድ ሎክስዌል በሜዳው መንገድ ሲሸኙ

የዊልኮት መንደር የእግር መንገድ ማኅበር የጠበቃውንና የፓርላማ አባሉን የሰር ኤቨራርድ ሎክስዌልን ዕረፍት የሰማው እሑድ ጠዋት ነው። ማኅበሩ በጥልቅ ማዘን እንደሚገባው ይረዳል፤ የቻለውን ያህልም አዝኗል።

ሟቹ እ.ኤ.አ. በ1819 ከባለርስት ቤተሰብ ተወለዱ። የአያታቸውን መሬት፣ የአጎታቸውን የጥብቅና ቢሮና የአባታቸውን የፓርላማ ወንበር ለመውረስ ያሳዩት ትጋት የሚካድ አይደለም።

በ1847 ፓርላማ ገቡ። እዚያ ስለ መንደራችን ትንፍሽ ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ውሾቻችን የቀበሮ አደናቸውን ስለሚረብሹ ይታሰሩ ለማለት ነው።

በ1868 ከመንደሩ ተነስቶ በሜዳቸው በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ በበር ዘጉ። ከሰስናቸው። በእኛ አገር ልማድ ሬሳ አንዴ ያለፈበት መንገድ ለዘላለም የሁሉም ነው። ሟቹ ለራሳቸው ጠበቃ ሆነው ቆሙና፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ የማኅበራችንን መሥራች ወይዘሮ ታቢታ ጎስሊንግን ጠየቁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ መንገድ ሬሳ ሲያልፍ በዓይንሽ አይተሻል?»

«እኔስ አላየሁም፣ ጌታዬ። እናቴ ግን አይታለች።»

«እንግዲያው እናትሽን ጥሪያት።»

«እሷማ ሞታለች።»

ችሎቱ ሳቀ፤ ለሰር ኤቨራርድም ተፈረደ።

በ1871፣ በብርዱ ወራት፣ ወይዘሮ ታቢታ አረፉ። ሰር ኤቨራርድን በሩን ለአንድ ሰዓት እንዲከፍቱልን ለመንናቸው። «ዛሬ ለሬሳ ከከፈትኩ ነገ መንገድ ነው» አሉን። ሴትዮዋን በበረዶ ተሸክመን በወፍጮው ድልድይ ዞርን። ይህን ይቅር አላልንም፤ አሁንም አላልንም።

ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ያንን ድልድይ ወሰደው። ከሎክስዌል ቤት ወደ መቃብሩ የቀረው የሜዳው መንገድ ብቻ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሠረገላ አያሳልፍም። ልጃቸው ሚስተር ሩፐርት ትናንት ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡና፣ «በሩን አስከፍታለሁ፤ እባካችሁ አባቴን ተሸከሙልኝ» አሉን። ማኅበሩ ያለ አንዳች ክርክር ተስማምቷል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ መጽናናትን እየተመኘን፣ አባላት በሙሉ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከነልጆቻቸው ከሬሳው ኋላ እንዲሄዱ እናሳስባለን። ወደፊት ችሎት ፊት ቆሞ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሰው እንዳይጠፋ፣ ሕፃናቱን ከፊታችሁ አድርጓቸው። ሟቹ ለመንደሩ የሰጡት የመጀመሪያው አገልግሎት ስለሆነ፣ በክብርና በቀስታ እንሸከማቸዋለን።

ከቀብር መልስ ወደየቤታችን የምንገባው በዚያው በር ነው።