ሥ ስለጠፋችበት መታወቂያዬ

ለክቡር የነዋሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ሠራተኛዎ እንደምን ሰነበቱ? የመንዝ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የምሥራች ዓለሙ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስነት ተምሬ፣ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ መታወቂያ ብቻ ጎድሎኝ የነበርኩ ነዋሪዎ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

አንደኛ፦ መጀመሪያ የተሰጠኝ መታወቂያ «የም?ራች» ይላል። መዝጋቢው አቶ ክንፈ፣ ሥ ኪቦርዱ ላይ እንደሌለች፣ የጥያቄ ምልክቱንም ያስገባው ኮምፒውተሩ ራሱ እንደሆነ በትሕትና አስረድተውኛል። ይህንኑ ይዤ ደብረ ብርሃን ድረስ ለፈተና ሄድኩ። በር ላይ የቆሙት ተቆጣጣሪ አገላብጠው አዩና «እኅቴ፣ ማን እንደሆንሽ ራስሽም እርግጠኛ አይደለሽም እንዴ?» ብለው መለሱኝ። ጓደኞቼ ሲፈተኑ እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለተሰጠኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስመለስ ስሜ በእሳቱ ሰ ተጻፈልኝ። ዲፕሎማዬ ግን በንጉሡ ሠ ስለሆነ፣ ለቀጣዩ ፈተና ስመዘገብ ሁለት ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ ሁለታችንም አልተመዘገብንም። አቤት ልል ቢሮዎ ስገባ ክቡርነትዎ «ለምን ደስታ አትባይም? ትርጉሙ ያው ነው፤ ፊደሉም ሁሉ አለ» ብለው መከሩኝ። እናቴ አያልነሽ ይህን ስትሰማ «ሰባት ዓመት መካን ስባል ኖሬ ነው የወለድኩሽ! ያወጣሁልሽን ስም ማሽን ሊቀማኝ ነው?» ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሦስተኛ፦ ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒ የምታነሳው እስከዳር ችግሬን ሰምታ ሳቀችና «ኤስን ሁለቴ ንኪው» አለችኝ። በኮምፒውተሯ ላይ ነካሁት፤ ሥ ወጣች። በማግስቱ ሮጬ መጥቼ ለአቶ ክንፈ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሁለቴ ነኩ። ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ አያት፤ ጸሐፊዋማ እልል አለች። ክቡርነትዎ ግን «ከበላይ አካል መመሪያ ሳይመጣ በአዲስ ፊደል አንጽፍም» ብለው አስጠፏት። ከፊደል ገበታ የተማርኳትን አዲስ ስላሉልኝ፣ ወጣትነት ተሰምቶኛል።

ክቡርነትዎ ለስብሰባ በሄዱበት ቀን መታወቂያዬ በትክክለኛ ስሜ ታተመ። ማን እንዳተመው አልናገርም፤ ማኅተምዎ ግን አለበት። ተፈትኜ አልፌያለሁ። ይኸው አሁን ጤና ጣቢያ አዋልዳለሁ፤ በተረኛነቴ የተወለዱት ሕፃናት አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ አንዳቸውም መመሪያ አልጠበቁም።

ስብሰባዎ እንዲበዛ ዘወትር የምትጸልይ፣
ትሑት ነዋሪዎ
የምሥራች ዓለሙ

ማስታወሻ፦ የቢሮዎ በር ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በጉልህ ታትሞ ተለጥፏል። ሥ ለበሩ ከየት እንደተገኘች መጠየቄን ትቻለሁ። ክቡርነትዎ በየጠዋቱ በዚያ በር እንዴት እንደሚገቡ ግን ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።