በነጠላሽ ጫፍ የተቋጠረው ስኳር

ለጥሩወርቅ፣ ለትዳሬ፤

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ ካለሽበት ሰላም እንዳለ አምናለሁ፤ እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ጥጃ ሆና የተውሻት ዳለቻ ወልዳለች፤ እህትሽ እየመጣች ታልብልኛለች። መናጫው ቅል አንቺ በሰቀልሽበት ቦታ ተንጠልጥሏል። የቡሬው ምሽግም ባዶ ቀርቷል። ጣሊያኖቹ በዚህ ሁዳዴ መግቢያ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። አገሩ እልል ሲል እኔ አንቺ ታበስይበት የነበረውን ክፍል ሄጄ አየሁት። ምድጃው ፈርሷል፤ ጥቀርሻው ግን ግድግዳው ላይ አለ።

ጭቃ ሹሙ የአይብሽን ዝና ሰምቶ ለምሽጉ ወጥ ቤት የመደበሽ ጊዜ ሦስት ቀን አለቀስሽ። በአራተኛው ቀን እየሳቅሽ ገባሽ። ምግብ አብሳዩ ጣሊያን፣ እኛ ለጥጃ የምንሰጠውን አጓት እንደገና አሙቆ ሌላ አይብ ሲያወጣበት አይተሽ ነበር። ሪኮታ ይሉታል አልሽኝ። ከጎመን ጋር ለውሰው፣ በስስ ሊጥ ጠቅልለው ይቀቅሉታል፤ ደግሞም ከእንቁላልና ከስኳር ጋር መትተው ይጋግሩታል። አይብ ሲጣፍጥ ምን ጉድ ነው ብዬ አሾፍሁብሽ። አንድ ቀን ከዚያ ጣፋጭ በቅጠል ጠቅልለሽ አመጣሽልኝ። የጠላት ምግብ ከአፌ አይገባም ብዬ ለውሻ ጣልሁት። ወትሮ ስትናደጂ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትይኝ ነበር፤ ያን ዕለት እሱንም አላልሽ።

የመሪጌታ ሚስት ለጠላት ታበስላለች እያለ መንደሩ ያማሽ ነበር። ሐሜቱ የከበደው እኔን ነው። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨው እንኳ በምላስሽ እንዳይደርስ አስጠነቀቅሁሽ። እሺ አልሽ። በማሽተትና በእጅሽ ልክ ታበስይ ጀመር። ጨው ግን ሽታ የለውም።

እኛ የምናውቀው ጨው አሞሌ ነው፤ ተፈቅፍቆ ወጥ ውስጥ የሚገባ። ከደምበጫ በመጣው አዲስ ከረጢት ውስጥ የነበረው ግን እንደ ዱቄት የላመ፣ ነጭ ጨው ነበር። አንቺ ስኳር መሰለሽ። ለአዛዡ ምሳ የጋገርሽውን አይብ በእሱ ሞላሽው። አዛዡ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ተፋውና መርዝ ነው አለ።

ጠርተውኝ ስደርስ በምሽጉ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ሳህኑ ፊትሽ ተቀምጧል። አስተርጓሚው፣ መርዝ ካልሆነ ትብላውና ወደ ቤቷ ትሂድ ተብሏል አለ። ገና ቀትር ነበር። አንቺ ወታደሮቹን አላየሽም፤ የምታይው እኔን ነበር።

«አንቱ ምን ይላሉ?» አልሽኝ።

ጾም ሰው እንዲሞትበት እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ብዪው፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዙሪያዬን የቆመውን ጎረቤት አየሁ። ነገ የሚያወራውን ፈራሁ። እግዚአብሔርን አላሰብሁም፤ ያሰብሁት ስሜን ነው።

«ሁዳዴ ነው» አልሁሽ።

ሳህኑን በእጅሽ ገፋ አደረግሽው።

ለውሻ ሰጡት፤ ውሻው በልቶ ጅራቱን እየቆላ ሄደ። መርዝ ሳይሆን ጨው መሆኑን ሁሉም አወቀ። አዛዡ ግን በሰው ፊት እምቢ አለችኝ ብሎ አሰረሽ። ስንቅ ይዤ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። የምታወሪኝ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ራስሽ ስሕተት ብቻ ነበር። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እስር ቤቱን ተስቦ ገባበት፤ በሆሳዕና ማግስት አረፍሽ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለምና ያለ ዜማ ተቀበርሽ። ዕድሜ ልኬን የሰውን ሙት በዜማ የሸኘሁ ሰው የራሴን ሚስት ዝም ብዬ ሸኘሁ። በምሽጉ በር ላይ መናገር ሲገባኝ ዝም ብል፣ ዝም ማለት ሲገባኝ ብናገር፣ ይኸው ደረሰብኝ።

ባለፈው ሳምንት እህትሽ ልብስሽን ለፀሐይ ስታወጣ ከነጠላሽ ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ አገኘች። ፈታሁት፤ ነጭ ነው። ጨው ይሁን ስኳር በዓይኔ መለየት አቃተኝ። አንቺንም እንዲሁ አቅቶሽ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ በእጄ ይዤው ተቀመጥሁ፤ ከዚያ በጣቴ ጫፍ ቀመስሁት። ስኳር ነው። እህትሽ ፊቷን አዙራ፣ ለፋሲካ ብላ ነው ያስቀመጠችው፣ ጾም ሲፈታ አይቡን በቤታችን ሠርቼ ባሌን አበላቸዋለሁ፣ ያን ጊዜ ምክንያት አያገኙም ትል ነበር አለችኝ። ከማድጋው ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ።

ጥሩዬ፣ ፋሲካ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ወተቱን ራሴ እንጣለሁ፤ ወንድ ናጠ ብለው ይሳቁብኝ። አጓቱን አልደፋም፤ እንዳልሽኝ መልሼ አሞቀዋለሁ፣ ቢወጣም ባይወጣም። ከስኳርሽ ቁንጣሪ ብቻ እጨምርበታለሁ፣ ለሚመጡት ፋሲካዎች እንዲተርፍ። እነዚያን በበሩ ቆመው ያዩንን ጎረቤቶች ሁሉ ጠርቼ፣ በፊታቸው እበላዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ እንዲህ አደርጋለሁ። ከመጉረሴ በፊትም፣ ያን ቀን ከአፌ ያልወጣውን ቃል ድምፄን ከፍ አድርጌ እላለሁ፤ ብዪ፣ ጥሩዬ፣ ብዪ።

ባልሽ