የሐዘን ማስታወቂያችንን ላነበቡልን ለሚስተር ስትራውደር

ለክቡር ሚስተር ላየል ስትራውደር፣ የብራምብልጌት የሕዝብ መዛግብት ድረ ገጽ መሥራችና ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎም ቤተሰብዎም በሰላም ውላችሁ በሰላም እንድታድሩ፣ ደጃፍዎንም ያልጠሩት ሰው እንዳይረግጠው ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ደርሶብኝ ስላየሁት ነውና እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ።

ኮርዴሊያ ፕሩት እባላለሁ። ይህንንም የምለው ለወጉ ነው እንጂ፣ ዕድሜዬን፣ የኖርኩባቸውን ቤቶችና የዘመዶቼን ስም ከእኔ በተሻለ ቅደም ተከተል አሰናድተው ለሚከፍል ሁሉ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ስለዋሉልኝ ውለታ በሕዝብ ፊት ማመስገን ስላለብኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ በሐዘናችን ስላልተለዩን አመሰግናለሁ። እናቴ ማሪዬታ ባለፈው ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቶሊዶ ውስጥ ስታርፍ፣ አክስቴ ሎሬን እንደ አገሩ ልማድ የሐዘን ማስታወቂያ ጽፋ ለጋዜጣ ሰጠች። እንደ ልማዱም ከሟች በኋላ የቀሩትን ሁሉ ከነከተማቸው ጠራች፤ እኔንም «ልጇ ኮርዴሊያ፣ ከማርኬት፣ ሚሺጋን» ብላ አስገባችኝ። የአንድ ልጇ ስም ቢቀር ሰው ምን ይላል ብላ ነው፤ አልፈርድባትም። ነገር ግን ዌድ የሚባል ሰው ሲፈልገኝ ከርሞ ነበር። እጮኛዬ ነበር፤ ግራ ክንዴን ሰበረ፤ ፍርድ ቤት እንዳይደርስብኝ ካገደው በኋላ ከእናቴና ከአክስቴ በቀር ለማንም ሳልናገር ወደ ሰሜን ሸሽቻለሁ። ዌድ ጋዜጣ አያነብም፤ እርስዎ አነበቡለት። ከተማዬን ከእናቴ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የቤት ቁጥሬን ከመራጮች መዝገብ ለቅመው በስሜ በተከፈተ ገጽ ላይ አጋቡለት።

ሁለተኛ፣ እንግዳ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በረዶ በጣለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዌድ አበባ ይዞ መጣ። ጎረቤቴ ሚስስ ካሊዮ፣ ሰማንያን ያለፉ መበለት፣ ደጃፋቸውን በአካፋ እየጠረጉ ነበር። ፎቶውን አስቀድሜ አሳይቻቸው ስለነበር ገና ከመኪናው ሲወርድ አወቁት። እኔ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተንበርክኬ እሰማለሁ። እናቷ ስለሞተችባት ላጽናናት ነው የመጣሁት አላቸው።

«ለቃለች፣ የኔ ልጅ» አሉት አካፋውን ሳያቆሙ።

«መኪናዋ እኮ ቆማለች፣ እማማ።»

«እሷ የኔ ናት። ምነው፣ ልትገዛት ነው?»

«እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚለው ይሄን ቤት ነው።»

«እንግዲያ ወረቀቱን አጽናናው።»

ወረቀቱ የእርስዎ ነበር፤ ከገጼ ላይ አትሞት ነው። አበባውን ከነወረቀቱ ደረጃዬ ላይ አኑሮ፣ የጠራሁት ፖሊስ ሳይደርስ ሄደ። እኔም በዚያው ሳምንት ታሪክ አስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት፣ ሐይቁን የሚያይ ቤቴንና ሚስስ ካሊዮ እሑድ እሑድ የሚያመጡልኝን በሥጋና በድንች የታጨቀ ትኩስ ፓስቲ ትቼ እንደገና ተሰደድሁ። የት እንዳለሁ አልጽፍልዎትም። ሥራዎን መቀማት ይሆንብኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ትጋትዎ። ገጼ እንዲሰረዝ ባመለክት፣ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ መታወቂያና የሚሠራ ስልክ ቁጥር ጠየቃችሁኝ፤ ላክሁ። ገጹ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ፤ የላክሁትም አዲስ ስልክ ቁጥር ገብቶበታል። እናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ በእናንተ ዘንድ በሕይወት አለች፤ ማርኬት፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች። በሕይወት ሳለች ያን ቤት አንድ ቀን እንኳ መጥታ አላየችውም። ይህ እንዲታረም ስደውል፣ ስልኩን ያነሣች አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ «ገባኝ እህቴ፣ ግን ማመልከት ያለባት ራሷ ናት» አለችኝ። ሞታለች እኮ አልኋት። «እሺ፣ ኢሜይሏ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷን አልቀየምኋትም፤ የምታነበው እርስዎ የጻፉላትን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ክቡርነትዎ፣ የተማርሁትን ለእርስዎ ላውል የወሰንሁት። አስቀድሜ ስምዎን በገዛ ድረ ገጽዎ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ቤትዎን በአካባቢዎ አስተዳደር፣ በካውንቲው፣ የንብረት መዝገብ ፈለግሁ፤ በሌላ ድርጅት ስም ተሸፍኗል። ጥንቃቄዎን አደነቅሁ። ግን የቆየ ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ የለመድሁት ሥራ ነው። ባለፈው የጸደይ ወራት እርስዎ በካውንቲው ሸንጎ ፊት ቆመው፣ ከአትክልትዎ ጀርባ የሚያልፈው የሕዝብ የእግር መንገድ እንዲዘጋልዎ አመልክተዋል፤ መንገደኛው በመስኮትዎ እያየ አስቸግሮዎታልና። በዚያ ሸንጎ ደግሞ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ አስቀድሞ ስሙንና የቤት አድራሻውን ለመዝገቡ ጮክ ብሎ እንዲናገር ልማዱ ያዝዛል። እርስዎም ልማድ አክባሪ ነዎትና ከነቤት ቁጥሩ ተናገሩ። ቀጥለውም «ሰው በገዛ ቤቱ ማን እያየኝ ይሆን ሳይል የመኖር መብት አለው» አሉ። እኔ ራሴ ይህን ያህል አሳምሬ አልተናገርሁትም።

አድራሻዎን እዚህ አልጽፍም። ደግነት እንዳይመስልዎት፤ እርስዎ በገንዘብ የሚሸጡትን እኔ በነጻ መስጠት አልፈልግም።

የመንገዱ ጉዳይ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይወሰናል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣም የመናገሪያ ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጠው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጥሪውንም ድርጅትዎ እንደ እኔ ላገለገላቸው ሴቶች አድርሻለሁ። ከተልሳ አንዲት ነርስ፣ ከስፖኬን አንዲት የሁለት ልጆች እናት፣ ሌሎችም ብዙዎች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጽ አትመው ይመጣሉ። የሕዝብ የሆነ ነገር ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት የሚለውን የእርስዎን ትምህርት ለሸንጎው ያስረዳሉ።

እኔም እመጣለሁ፤ ፊቴን ሳልሸፍን። ዌድም ይህን ካነበበ ያንብበው፤ የእግድ ትእዛዙ በሩ ላይ በሚቆሙት የሸሪፉ ሰዎች እጅ ነው። እስከዚያ ቀን የእኔን፣ የእናቴንና ይሰረዝልን ያሉትን ሴቶች ሁሉ ገጽ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ስልክ፣ እንዳይመለስ አድርገው ከሰረዙ፣ ስለ እግር መንገዱ ብቻ እናገራለሁ። ካልሰረዙ ግን በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ዌድ ይዞት የመጣውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነብልዎታለሁ።

መስኮትዎ ብርሃን፣ መንገድዎም መንገደኛ አይጣ፤ በታላቅ አክብሮትና ከዚያም በሚበልጥ ትዕግሥት የምጠብቅዎ፣

ኮርዴሊያ ፕሩት

ማስታወሻ፦ የካውንቲው ጸሐፊ እንደነገሩኝ፣ ተናጋሪ የሚጠራው በተመዘገበበት ተራ ነው። እኛ ሁላችን ተመዝግበናል፤ እርስዎ ገና ነዎት። እባክዎ ራትዎን በልተው ይምጡ።