ዋርካው ጋ ወደ ግራ

ውድ ጋሼ ይልማ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎ እመቤት በስልክ ስትነግረኝ፣ ሁለት ጋቢ ደርበው ፀሐይ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞሩ ይውላሉ አለች። እኛ እዚህ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ተርፎን የምንሰጠው ሰው አጥተናል። ይህንን ሁሉ በስልክ ማለት እችል ነበር። ግን እርስዎ የማይፈልጉት ነገር ሲነሳ መስመሩ ይቆራረጥብዎታል። ደብዳቤ አይቆራረጥም ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ሱቄ በር ላይ ቀስት የተሳለባት አንዲት የብረት ሰሌዳ ተደግፋ ቆማለች። ሰኞ ዋርካው ጋ ትተከላለች። ቀስቷ ወደ ቀጥታው መንገድ ትዙር ወይስ ወደ ግራ? ከእርስዎ በቀር ይህንን የሚመልስልኝ ሰው የለም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ባለፈው ወር ቤተልሔም የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። የሳይክል ነጂዎች ማኅበር አላቸው፤ ከመኪና ጋር መጋፋት ሰልችቷቸዋል። «መኪና የማይገባበት፣ ተራራውን እያየን የምንነዳበት የጠጠር መንገድ ታውቃለህ?» አለችኝ። በእርስዎ እጅ ያደግሁ ሳይክል ጠጋኝ አይደለሁ? ደረቴ ተነፋ። የወባ ተቆጣጣሪ ሳሉ በእጅዎ የሣሉትን ካርታ ከመሳቢያ አውጥቼ ዘረጋሁላት። በየመንደሩ ስንት ቤት እንዳለ፣ የቱ ጋ ጥላ እንደሚገኝ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ሁሉ ተጽፎበታል። ውሾቹ ከሞቱ አርባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ልጅቷ ግን አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም «መኪና ዝር አይልበትም» ብዬ ማልኩ።

ባለፈው እሁድ ማለዳ አምስት ሆነው መጡ፤ ሰውነት ላይ የተጣበቀ ቁምጣ ለብሰው። እኔ በእርስዎ ሳይክል ከፊት ሆንኩ። ይቅር ይበሉኝና ፍሬኑን፣ ካቴናውን፣ ኮርቻውን፣ ሁለቱንም ጎማ ቀይሬዋለሁ። ከእርስዎ የቀረው ደወሉ ብቻ ነው።

አስፋልቱን ለቀን በማሾ ማሳዎቹ መሀል ኮረኮንቹን እንደያዝን፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ግመል ገጠመን። አንድ ግመል ቢሆን ደግ ነበር። ሠላሳ ያህል ግመል ማገዶ ተጭኖ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ቤተልሔም ዞር ብላ አየችኝና፣

«ወንድሙ፣ ትራፊክ የለም ብለኸኝ አልነበር?» አለች።

«መኪና የለም አልኩ እንጂ ግመል የለም መች ወጣኝ?»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይክላችንን እየገፋን ከግመል ኋላ ተከተልን። አንዷ ግመል ዞር ብላ የአንዱን ልጅ ሄልሜት ቀመሰችው። አልጣማትም።

ዋርካው ጋ ስንደርስ በካርታዎ መሠረት ወደ ግራ ታጠፍኩ። ቤተልሔም ስልኳን አየችና ፍሬን ያዘች። «ቀጥታው ሰባት መቶ ሜትር ነው። ይኼኛው አራት ኪሎ ሜትር ዞሮ እዚያው ነው የሚያወጣው። ለምንድን ነው የምንታጠፈው?»

እርስዎ ያስተማሩኝን ቃል በቃል መለስኩ። «በቀጥታው ጅረት አለ፤ ድንገት ይሞላል።»

ሁላችንም ወደ ጅረቱ አየን። ፍየሎች መሀሉ ላይ ተኝተዋል። ጋሼ፣ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠርኩዎት። ቢሆንም «ሳታሳጥር ሂድ» ብለው ነበርና ካርታውን የሰጡኝ፣ ዳገቱን አስወጣኋቸው።

ያ የቅንጭብ አጥር ያለበት ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ እጄ ሳላዘው ደወሉን ሁለት ጊዜ ደወለ። ያስታውሱ እንደሆነ እርስዎም ሁልጊዜ እዚያ ጋ ሁለት ጊዜ ይደውሉ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅዎ «ለዝንጀሮ ነው፤ ድንገት እንዳይገቡብን» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንነዳ እዚያ ቦታ አንድም ዝንጀሮ አላየሁም። ደወሉ እየሠራ ነው ብዬ አምን ነበር።

እንደ ደወልኩ የቤተልሔም ጎማ በግራር እሾህ ተወጋና ቆምን። ወዲያው የአጥሩ በር ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አንድ ትከሻቸው ላይ ብቻ ጣል አድርገው እየሮጡ ወጡ።

«ዛሬስ ጉድ ነው! ቆመ?» አሉ።

ሳይክሉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩና ፊታቸው ልውጥ አለ። «ባለቤቱስ? ሞተ?»

«ኧረ አልሞቱም! ጉልበታቸውን አሟቸው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ጋ ናቸው።»

«ያው ነው» አሉ ሴትዮዋ፤ ወይዘሮ ሐረገወይን መሆናቸውን ኋላ ነው የነገሩን። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቤተልሔም ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሱሪሽን ወንዝ ወሰደብሽ?»

ጥላ ውስጥ አስገቡን፤ ፓፓያ ቆረጡልን። ጎማውን ስለጥፍ እሳቸው ከራሴ በላይ ቆመው ይናገራሉ። «ደወሉን ሰምቼ ነጠላዬን አንስቼ እስክወጣ አቧራው ብቻ ይቀርልኛል። እንዲያው ሽማግሌ ሰው በሳይክል እንዲህ ይሸሻል? ደግሞ ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ አቧራውም ቀረ።» እኔም እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ያንን መንገድ አልረገጥኩትም ነበር። ብቻዬን አላስቻለኝም፤ ይህንን ነግሬዎት አላውቅም።

ጎማውን ጨርሼ እጄን ልታጠብ ወደ ውስጥ ስገባ፣ ከበሩ ጀርባ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ አየሁት። የወባ መድኃኒት የተረጨባቸው ቀኖች። በእናቴ ቤት በር ላይ ለአንድ ዓመት ሁለት ቀን ነው የተጻፈው። እዚህ ግን የካቲት ሦስት፣ የካቲት አሥራ ሰባት፣ መጋቢት አንድ፣ መጋቢት አሥራ አምስት እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ ዲዲቲ እንኳን ትንኝ ዝሆን አይተርፍም።

«ሁለት ድመት ሞቶብናል» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን ከኋላዬ። «አባቴ ግን እንዲህ ያለ ትጉህ የመንግሥት ሠራተኛ አላየሁም እያለ ይመርቀው ነበር።»

«እሳቸውስ ምን ይሉዎት ነበር?»

«ግድግዳው እስኪደርቅ አትግቡ፣ ይለኛል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼንኑ ነው ያለኝ። ከዚያ ሥራው ወደ ሌላ አገር አዛወረው፤ እኔንም ዳሩኝ። ባሌ ሲሞት ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። አንድ ቀን ውጭ ደወል ሰማሁ።»

በሩ አረንጓዴ ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀባል፤ ቀለሙ ተደራርቦ ወፍሯል። ቀኖቹ ያሉበት ቦታ ግን እንጨቱ እንዳለ ነው፤ በዙሪያው ተጠንቅቀው ቀብተው ትተውታል። ትኩር ብዬ ሳይ ጊዜ «ቀለም አንሶኝ ነው» አሉኝ። ከእርስዎ ዝንጀሮ ጋር የሚተካከል መልስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተመልሰን ሱቄ ስንደርስ ቤተልሔም የማኅበሩን የመንገድ ማሳያ ሰሌዳ ከመጡበት መኪና አውርዳ ሰጠችኝ። «ቀጥታው አጭር ነው፤ አባሎቻችን አጭሩን ይወዳሉ። የግራውን የመረጡት ግን ሰውዬው ናቸው፤ ራሳቸው መጥተው ይንገሩን። እስከ ሰኞ ካልመጡ ወደ ቀጥታ እንተክላታለን» አለች። ሰሌዳዋ ወደ ቀጥታ ከተተከለች፣ ጋሼ፣ በዚያች በር ፊት ደወል የሚደውል ሰው አይኖርም።

እኔ ተናድጄብዎታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያን ዳገት ያስወጡኝ ለጉልበቴ ጥንካሬ መስሎኝ ስኮራ ኖሬአለሁ። ደግሞም ናፍቀውኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይሳፈሩ፤ ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርዱ አንዱን ጋቢ፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ ሁለተኛውን ያውልቁ። እዚህ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ይዤ እጠብቅዎታለሁ። ዋርካውን አልፋ እስከ ቅንጭብ አጥሩ ድረስ ትገባለች፤ መኪና አይገባም ብዬ የማልኩትን መሐላ ለእርስዎ ስል አፈርሳለሁ። ደወሉንም ከሳይክሉ ፈትቼ ይዤልዎት እመጣለሁ። ከደወሉ በኋላ ግን ይቁሙ።

የወይዘሮ ሐረገወይንን መልእክት ልረሳው ነበር። እስከ አጥሩ ሸኝተውኝ «ልጽፍላቸው ነውና ምን ልበልልዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መንገዱ አዩ።

«ትንኙ ተመልሷል በልልኝ» አሉ።

ሰሌዳዋን ይዞ የሚጠብቅዎት
ወንድሙ፣ ሳይክል ጠጋኙ
ሸዋ ሮቢት